አንድ ሰው፣ አሥር በር፦ በድሬዳዋ ሰፈር የነዋሪ መሪዎችን ለማፍራት የሚሆን መመሪያ

ደቻቱ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ወንዝ አይመስልም። አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ነጋዴ ሸራ ይዘረጋበታል። አህያና ባጃጅ ያቋርጡታል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን በዚያ አሸዋ ላይ የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። በሺዎች የሚቆጠሩ ደግሞ ቤት አልባ ሆኑ። ውሃው የተጠራቀመው ከእኛ በላይ ባለው ደጋ ነው። ከተማ ሲደርስ ብዙው ሰው እንቅልፍ ላይ ነበር።

ከዚያ ሌሊት የተረፉ ሰዎችን ሳነጋግር አንድ ነገር ይደጋገምብኛል። «እገሌ በራችንን ደበደበልን» ይላሉ። እርዳታ በኋላ መጥቷል፣ ድንኳንም ተተክሏል። የመጀመሪያዋ ግማሽ ሰዓት ግን የጎረቤት ነበረች።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚያች ግማሽ ሰዓት ነው። የነዋሪ መሪ ስል ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ማለቴ አይደለም። አሥር በር የሚያውቅ ሰው ማለቴ ነው። ከእያንዳንዱ በር ጀርባ ማን እንዳለ፣ ማን መራመድ እንደማይችል፣ ማን ሌሊት ሥራ እንደሚያድር ያውቃል። እነዚያ አሥር ቤቶችም ፊቱን ያውቁታል። አሥራ ሁለት እንደዚህ ያሉ ሰዎች ካሏችሁ 120 ቤት ያለው ሰፈር ተሸፈነ ማለት ነው። ለመጀመር ይበቃል። ከተማውን በሙሉ አንድ ላይ እናድርስ ካላችሁ የትም አትደርሱም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ አዳራሽ አትከራዩ

ይህን የምለው ከራሴ ስለተማርኩት ነው። ከዓመታት በፊት ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ሥልጠና አዘጋጀን። አዳራሽ፣ ውሃ በላስቲክ፣ ሁለት ቀን፣ አበል፣ ሰርተፍኬት። አርባ ሰው መጣ። ሁሉም ደስ ብሎት ሄደ። ከዚያ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ ችኩንጉንያ የተባለው በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ከተማዋን አጥለቀለቃት። በየቤቱ ሰው መገጣጠሚያውን ይዞ ያቃስታል። ከአርባዎቹ ሠልጣኞች ደውሎ «ምን ላድርግ?» ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ትምህርት ሰጠናቸው እንጂ ሥራ አልሰጠናቸውም። ማንም የማንም በር ኃላፊ አልነበረም።

ስለዚህ ከሥልጠናው በፊት በሮቹ ይምጡ።

1. ሰፈሩን በእግር ዙሩ

ከ100 እስከ 150 ቤት ያለው አንድ ሰፈር ምረጡ። ቀበሌውን በሙሉ አትውሰዱ። ልጆች «የእኛ ሰፈር» ሲሉ የሚያስቡት ቁራጭ ይሻላል። ገንደ ቆሬ ውስጥ ሁለት ጎዳና ሊሆን ይችላል። ሳቢያን ላይ አንድ መንደር፣ መጋላ ውስጥ ጥቂት ቅያሶች ሊሆን ይችላል።

ሦስት ጊዜ ዙሩት። አንዴ በጠዋት፣ አንዴ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ አንዴ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ። ሰፈሩ በሦስቱም ሰዓት ሦስት ዓይነት ነው። ጠዋት ሴቶቹ ገበያ ናቸው። ከቀኑ 6 እስከ 9 ከተማዋ ስለምታሸልብ የሚያገኛችሁ ሰው ጥቂት ነው። ማታ ደግሞ የትኛው ቅያስ ጨለማ እንደሆነ፣ የትኛው ግቢ ከውጭ በቁልፍ እንደሚቆለፍ ታያላችሁ። ይህን የቁልፍ ነገር ልብ በሉት። ኋላ እመለስበታለሁ።

ትልቅ ወረቀት ይዛችሁ ካርታ ሳሉ። ውበቱ አያሳስባችሁ። መግባት ያለባቸው እነዚህ ናቸው፦

- ውሃ በየት በኩል ይገባል፣ በየት ይወጣል፣ የትኛው ቦይ በፌስታልና በቆሻሻ ተደፍኗል
- መውጫ የሌላቸው ቅያሶች
- አልጋ ላይ የዋለ ሰው፣ እርጉዝ፣ አራስ፣ ማየት ወይም መስማት የማይችል ሰው ያለበት ቤት
- ነርስ፣ አዋላጅ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ባጃጅ ወይም ፒካፕ ያለው ሰው
- ጎማ፣ በርሚል፣ ክፍት ታንከር የተከማቸበት ቦታ
- ከፍ ያለና ሌሊትም የሚከፈት ግቢ፣ ለምሳሌ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት

ከሁሉም በፊት ግን ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። «አባባ፣ በ98ቱ ውሃው የት ድረስ ደረሰ?» በሏቸው። በእጃቸው ግድግዳውን ያሳዩአችኋል። የባለቤቱን ፈቃድ ጠይቃችሁ ያቺን ቦታ በቀለም አስምሩባት። ከተማዋ ውስጥ በየዓመቱ አዲስ ሰው ይገባል። በየዓመቱም ያንን ሌሊት ያላየ ልጅ ያድጋል። ከአናቱ በላይ ያለች መስመር ሲያይ ግን ማብራሪያ አያስፈልገውም።

2. ሰፈሩ ያለውን ቁጠሩ

አዲስ ኮሚቴ ለማቋቋም አትቸኩሉ። እድር አለ። በሐረሪዎች ዘንድ አፎሻ አለ። እቁብ አለ፣ ጽዋ ማኅበር አለ፣ የመስጊድ ጀመዓ አለ። እድሩ ድንኳን፣ ድስት፣ ወንበርና መዝገብ አለው። ማን የት እንደሚኖር ያውቃል። ከሁሉም በላይ ሰው ያምነዋል። ይህን እምነት እናንተ በስምንት ሳምንት ልትሠሩት አትችሉም። ሌሎች በዘመናት የሠሩት ነው።

ወደ ሰብሳቢው ሄዳችሁ ሦስት ነገር ለምኑ። በወርሃዊ ስብሰባ ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ አደጋ ሲደርስ ድንኳኑንና ድስቶቹን መጠቀም፣ ከአባላት መዝገብ ጋር ስም ማመሳከር። ሲስማሙ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ። ሰብሳቢ ይቀየራል፣ ወረቀቱ ይቀራል።

አንድ ጥንቃቄ። እድር ውስጥ የሌለው ሰው ብዙ ነው። ተከራይ፣ በቅርብ ከገጠር የመጣ፣ የቤት ሠራተኛ፣ በረንዳ የሚያድር። አደጋ ሲመጣ የሚረሱት እነሱ ናቸው። ካርታችሁ ላይ በሌላ ቀለም ጻፏቸው።

3. መሪዎቹን ሰፈሩ ይጠቁማችሁ

«ፈቃደኛ ማነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሁልጊዜ የሚመጡት ያው ሰዎች ይመጣሉ። በሁሉም ኮሚቴ ያሉት ማለቴ ነው። ጎበዞች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ግን ደክሟቸዋል።

ይልቅ ቤት ለቤት ሂዱና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ችግር ቢገጥማችሁ የማንን በር ታንኳኳላችሁ?»

መልሱን ጻፉ። ቤት ያለውን ሰው ሁሉ ጠይቁ፤ እናትንም፣ አያትንም፣ ሠራተኛዋንም ለየብቻ። ስልሳ ሰባ ቤት ስትደርሱ ስሞች መደጋገም ይጀምራሉ። ብዙ ጊዜ ያልጠበቃችሁት ሰው ነው። ሳምቡሳ የምትጠብሰው ሴትዮ፣ የሱቁ ልጅ፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። የነዋሪ መሪዎቻችሁ እነዚያ ናቸው። እነሱ ግን «እኔ መሪ አይደለሁም» ይሏችኋል። «መሪ ይሁኑ አላልኩም። አሥር በር ይያዙልኝ ነው የምለው» በሏቸው። ብዙው ሰው በዚህ ቃል እሺ ይላል።

አሥራ ሁለቱን ስትሞሉ እነዚህን አስተያዩ። ከግማሽ የማያንሱት ሴቶች ይሁኑ፤ ቀን ሰፈር ውስጥ ያሉት እነሱ ናቸውና። ቢያንስ አንድ ባጃጅ ነጂ፣ ቢያንስ ሌሊት ነቅቶ የሚያድር አንድ ሰው ይኑር። ከ20 ዓመት በታች የሆነ አንድ ወጣትም ጨምሩ። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በመካከላቸው ይሙላ። ድሬ ላይ ሦስቱንም የሚናገር ሰው ማግኘት ከባድ አይደለም። ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

4. ቀበሌን አሳውቁ

አጭር ደብዳቤ ጻፉ። ማን እንደሆናችሁ፣ የት ሰፈር፣ ምን እንደምትሠሩ። ማኅተም ያለበት መልስ ያዙ። ከቀበሌው፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ ከአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ጽሕፈት ቤትና ከቀይ መስቀል ቅርንጫፍ አንድ አንድ ሰው በስምና በስልክ ይኑራችሁ። ይህን አትዝለሉት፣ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ አትቆዩበት። መልሱ ሲዘገይ ቤት ለቤቱን ቀጥሉ። ጎረቤትን ለመጠየቅ ፈቃድ አያስፈልግም።

5. ስምንት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ቀን

ሰዓቱ ከሁሉም ይበልጣል። እኩለ ቀን ላይ ሰው አትጥሩ። አርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ቅዳሴ አለ። ጫት የሚቀመጠው ሰው ከሰዓት አይነሳላችሁም። በእኔ ልምድ የሚሠራው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ሙቀቱ ተንፈስ ይላል፣ እናቶችም እራት ሳይጀምሩ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ። በጊዜው ጀምሩ፣ በጊዜው ጨርሱ።

ቦታው ይዙር። ዛሬ የአንዷ በረንዳ፣ በሚቀጥለው የእድሩ መጠለያ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት። ቡናው የጋራ ይሁን። አበል አይኑር። ለድሃው ሰው ግን ከኪሱ የሚያወጣው ነገር እንዳይኖር ተጠንቀቁ። የስልክ ካርድና የባጃጅ ከጋራ መዋጮ ይሸፈን።

እያንዳንዱ ስብሰባ የሚያልቀው በሳምንቱ በሚሠራ ሥራ ነው። ቀጣዩ የሚጀምረው ደግሞ «የተባለውን ሠራን?» በሚል ነው። ይህ ካልተያዘ እንደ እኛ አዳራሽ ይሆንባችኋል።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ በሮቹን መከፋፈልና ማንኳኳት ነው። እያንዳንዱ መሪ ደብተር ይይዛል። ለአንድ በር አንድ ገጽ። ስንት ሰው፣ ስልክ፣ ማን እርዳታ ይፈልጋል፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው። የሰው ምስጢር ነውና ደብተሩ ከእጅ አይወጣም። ፎቶ አይነሳም፣ ቴሌግራም ላይ አይለጠፍም።

ማንኳኳትም ይለመዳል። ገብታችሁ መጠየቅ አትጀምሩ። ሰላምታ ይቅደም፤ ቡና ካለ ቡናው ይጠጣ። አንድ ወጣት መሪ ከአንዲት አዛውንት ጋር ያወራውን ሰምቻለሁ። «እማማ፣ ሌሊት ውሃ ቢመጣ ማን ይሸከምዎታል?» አላቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «ልጄ፣ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉት። በዚያው ሳምንት ከፊት ለፊት ያለው ጎረምሳ ስሙ በገጻቸው ላይ ተጻፈ።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት የመጀመሪያ እርዳታ ይሁን። ይህን ራሳችሁ አታስተምሩት። ቀይ መስቀልን ወይም የሰፈሩን ነርስ ጥሩ። ደም ማቆም፣ ራሱን የሳተን ሰው በጎኑ ማስተኛት፣ የተሰበረን አጥንት ሳያንቀሳቅሱ መያዝ። ከዚያ በላይ አትሂዱ።

6. ጎርፍ፦ ወሬው ከውሃው ይቅደም

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሁለት ሳምንት ስጡት።

መጀመሪያ ሁሉም ይህን ይረዳ። ሰማዩ እኛ ላይ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በስተደቡብ ያለው የደንገጎ ተራራ ግን በጣም ይበልጣታል። እዚያ የዘነበው ገደላማውን ይዞ ቁልቁል ይመጣል። ደኑ ስለሳሳ ውሃውን የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ የእናንተ ጠቋሚ ሰማይ አይደለም፣ ስልክ ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ እንዲሁም በመጋቢትና በሚያዝያ ንቁ።

ከላይ በኩል ሁለት ሰው ፈልጉ። ሁለት ያልኩት አንዱ ስልኩ ሊዘጋ ስለሚችል ነው። የደንገጎ ባለሱቅ፣ ገበሬ፣ በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሹፌር ሊሆን ይችላል። ስምምነቱ ቀላል ነው። ከባድ ዝናብ ሲጥል ይደውላል። እናንተም በየወሩ ካርድ ትሞሉለታላችሁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሄዳችሁ ጎብኙት። ማንም ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ለማያውቀው ሰው አይደውልም።

ከዚያ የጥሪ ሰንሰለት ሥሩ። ከላይ ያለው ሰው ለሁለት መሪዎች ይደውላል። እነዚያ ለአምስት አምስት ሰው ይደውላሉ። ከዚያ በኋላ ስልክ የለም፣ በር ነው። እያንዳንዱ አሥር በሩን ይደበድባል። ቃሏ አንድ ትሁን፣ በሦስት ቋንቋ፦ «ጎርፍ! ሎላ! ዳድ!» በኦሮምኛ ሎላ፣ በሶማልኛ ዳድ ነው። ልጆችም ያጥኗት። ሦስት ረጅም ፊሽካ ይጨመርበት። ኢማሙንና የቤተ ክርስቲያኑን ሰበካ ጉባኤ ቀድማችሁ አናግሩ። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያና የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ከፊሽካው ጋር አብረው ቢሰሙ ያልነቃ ሰው አይቀርም። መብራት ቢጠፋስ? የብረት ምሰሶ በድንጋይ መቀጥቀጥ አለ።

የት ይሸሻል የሚለው ከወዲሁ ይወሰን። ከወንዙ የሚርቅና ከፍ የሚል፣ ሌሊትም የሚከፈት ቦታ። መንገዱን ማታ በእግራችሁ ሂዱበት። ወንዙን ወይም ቦዩን የሚያቋርጥ መንገድ አትምረጡ። ለሁሉም ደጋግማችሁ ንገሩ፦ የሚፈስ ውሃ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ካለ አዋቂን ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ መኪና ያንሳፍፋል። ባጃጅማ ምን ይባላል። «ቶሎ ልሻገር» ያለ ሹፌር ሁሉ ይህን ይስማ።

ከዚያ ልምምድ። ማታ 1 ሰዓት ላይ አድርጉት። ከሳምንት በፊት ለፖሊስና ለቀበሌ በጽሑፍ፣ ለእያንዳንዱ ቤት በአፍ ተናገሩ። «ልምምድ ነው» የሚለው ቃል ያልደረሰበት ቤት ካለ አታድርጉት። ያ ሌሊት የወሰደበት ሰው ሰፈራችሁ ውስጥ አለ። ማስደንገጥ አይገባም። እንዲያውም ቀድማችሁ ቤቱ ሂዱ፣ አናግሩት፣ ከፈለገ አብሯችሁ ይሥራ።

ከመጀመሪያው ፊሽካ የመጨረሻው ሰው ከፍታው ላይ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ መዝግቡ። ከዚያ ተቀምጣችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ማን ቀረ? እኔ ባየሁት ልምምድ ሁለት ነገር ወጣ። አንድ መስማት የማይችል ሰው ፊሽካውን አልሰማም። አንዲት የቤት ሠራተኛ ደግሞ ከሁለት ሕፃናት ጋር ከውጭ ተቆልፎባት ነበር። አሠሪዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሌባ ፈርተው ነው። ያን ማታ ራሳቸው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር ከውጭ የሚቆለፍ በር ሁሉ ትርፍ ቁልፉ ጎረቤት ጋ ነው። መስማት ለማይችለው ሰው ደግሞ በመስኮት ባትሪ የሚያበራለት ሰው ተመደበ።

ውሃው ካለፈ በኋላ ሥራው አያልቅም። ማንም ረጥቦ የኤሌክትሪክ ማብሪያ አይንካ። የመጠጥ ውሃ ይፈላ፣ ወይም ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ይጨመርበት። መሪው ደብተሩን ይዞ አሥሩን በር ይቆጥራል፤ ማን አለ፣ ማን የለም፣ ማን ምን ያስፈልገዋል። እርዳታ የሚያከፋፍሉ ሰዎች ሲመጡ በእጃችሁ ያለው ዝርዝር ወርቅ ነው። ያን ጊዜ በእድር ያልታቀፉት ሰዎች ስም መኖሩን አረጋግጡ።

7. ትንኝ፦ የቅዳሜ በርሚል

ጎርፍ በዓመታት አንዴ ይመጣል። ትንኝ ግን ሁልጊዜ አለች። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ደንጌ፣ በ2011 መጨረሻ ችኩንጉንያ አየን። በዚሁ መሃል ደግሞ በከተማ ታንከርና በርሚል የምትራባ አዲስ የወባ ትንኝ መጣች። በ2014 ዓ.ም. በደረቅ ወቅት የወባ ወረርሽኝ አስነሳች።

መሪዎቻችሁ በየሳምንቱ የሚሠሩት ሥራ እንዲኖራቸው ከፈለጋችሁ ከዚህ የተሻለ የለም። ውጤቱም ቶሎ ይታያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደንጌንና ችኩንጉንያን የምታስተላልፈው ትንኝ ኤደስ ትባላለች። የምትነክሰው ቀን ነው። ስለዚህ አጎበር ብቻውን አያድናችሁም። የምትራባው ንጹሕ በሚመስል የቆመ ውሃ ነው። ከእንቁላል እስከምትበር ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጅባታል። በሳምንት አንዴ ውሃው ከተደፋና በርሚሉ ከተፈተገ ዑደቷ ተቆረጠ። ፍተጋው የግድ ነው። እንቁላሉ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ደርቆም ለወራት ይቆያል። ውሃ ሲሞላበት ይፈለፈላል።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት አትሥሩ። «ውሃችሁን ድፉ» አትበሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የትኛዋ እናት ናት በርሚሏን የምትደፋው? ቧንቧ የሚመጣበትን ቀን እወቁ። በርሚሉ ወደ ማለቂያው ሲደርስ፣ ከመሙላቱ በፊት ይፈተግ። ከዚያ በክዳን ወይም በወፍራም ጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር። ቀን ወስኑለት። እኛ «የቅዳሜ በርሚል» እንላለን። ልጆቹን መርማሪ አድርጓቸው። ባትሪ ይዘው በርሚል ውስጥ የሚወዛወዝ ትል ሲያገኙ የሚሰማቸው ደስታ ሌላ ነው። ከበርሚል ሌላ ጎማ፣ የአበባ ሳህን፣ የግንባታ ቦታ ጉድጓድ፣ ከማቀዝቀዣ ሥር የተቀመጠ ባልዲ ይታይ።

ትኩሳት ያለበት ሰው ሲገኝ መሪው የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ሐኪም እስኪያየው አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አይውሰድ። ደንጌ ከሆነ ደም ሊያፈስስበት ይችላል። ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ ይወሰድ። የመገጣጠሚያ ሕመም ሲጠና ሰው ፋርማሲ ሄዶ ያገኘውን ይገዛል። ይህን ምክር በየበሩ ማድረስ ብቻ ሕይወት ያተርፋል።

8. ወሬና ጠብ

ድሬዳዋ የተሠራችው ከየአቅጣጫው በመጣ ሰው ነው። ባቡሩ በ1902 በፈረንጆች አቆጣጠር ሲደርስ ከተማዋ ተወለደች። ከዚያ ጀምሮ አብሮ መኖር ሥራዋ ነው። ያም ሆኖ አንድ የፌስቡክ ወሬ በአንድ ከሰዓት ሰፈር ሊያባላ ይችላል።

ደንቡ ይህ ይሁን። አንድ መሪ ክፉ ወሬ ሲሰማ አያስተላልፍም። «ማን በዓይኑ አየ?» ብሎ ይጠይቃል። ያየ ሰው በስም ካልተጠራ ወሬው እዚያ ይቆማል። የተጠራ ካለ ሁለት መሪዎች ከተለያየ ቋንቋና ሃይማኖት አብረው ሄደው ያጣራሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲራመዱ መታየታቸው ራሱ ሰፈሩን ያረጋጋል። ለዚህ ሁለት ሁለት ሆነው ከመጀመሪያው ይጣመሩ። እጅ ወደ ጦር መሣሪያ የሄደበት ነገር ሲሆን ግን መሪው አይገባም። ሽማግሌና ፖሊስ ይጠራ።

9. ገንዘብ

ትንሽ ይሁን። ለፊሽካ፣ ለባትሪ ድንጋይ፣ ለስልክ ካርድ፣ ለመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን። ሦስት ሰው ይፈርምበታል፣ አንዷ ሴት ትሁን። ገቢና ወጪው በየወሩ እድሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ለጋሽ ድርጅት ብዙ ገንዘብ ይዞ ቢመጣ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ፊሽካውን ከራሳችሁ ኪስ ግዙ።

10. ደብተሩን ማስረከብ

አንድ መሪ አንድ ዓመት ይሠራል። ከፈለገና ሰፈሩ ከፈለገው አንድ ዓመት ይጨምራል። ሰው ይታመማል፣ ያገባል፣ ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ አረብ አገር ይሄዳል። ተተኪ ከመጀመሪያው ቀን ይታሰብ።

መስከረም ላይ ያችን ጥያቄ እንደገና ቤት ለቤት ጠይቁ። «ሌሊት የማንን በር ታንኳኳላችሁ?» መልሱ ተቀይሮ ከሆነ መሪውም ይቀየር። ባትሪዎቹ ይፈተሹ፣ ስልኮቹ ይደወልባቸው፣ ከላይ ደንገጎ ያለው ወዳጃችሁ ይጎበኝ፣ ግድግዳው ላይ ያለው የቀለም መስመር ይታደስ።

ርክክቡ በስብሰባ አይሁን። የቀድሞውና አዲሱ መሪ አሥሩን በር አብረው ያንኳኩ። እያንዳንዱ ቤት ውስጥ ተቀምጠው፣ ሻይም ቡናም ጠጥተው፣ የቀድሞው «ከዛሬ ጀምሮ እሷ ናት» ይበል። ሁለት ሦስት ማታ ሊፈጅ ይችላል፤ ይፍጅ። የቀድሞው ሰው ስልክ ከገጹ አይሰረዝ። ከአዲሷ ስልክ ሥር ይቀመጥ፣ ምናልባት የእሷ ካልተነሳ።